በፈርዖን ራስ ያጌጠ የብር ስኳር ዕቃ፦ ይቅለጥ ወይስ ይቀመጥ?

የሰኔ ዝናብ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰባት ዓመት ያስታመምኳቸው አሮጊት ባለፈው ጥር ዐረፉ። ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ሴት ልጃቸው ጠርታኝ በፎጣ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጠችኝ። «እናቴ ይህ ላንቺ እንዲሆን ጽፋ ትታለች» አለችኝ። ፎጣውን ስፈታ ዕቃውን ወዲያው ዐወቅሁት። በመመገቢያ ክፍላቸው፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ የነበረው የስኳር ዕቃ ነው። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳን አንዳንድ ቀን «አምጪልኝ» ይሉኝና በጣታቸው ይዳስሱት ነበር።

መልኩን ልንገራችሁ። ከክዳኑ ጋር ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ነው። በሁለት በኩል ጆሮ አለው፤ በያንዳንዱ ጆሮ ጫፍ ላይ የሰው ራስ ተቀርጿል። ራሱ ላይ ያለው እንደ ሻሽ ያለ መጎናጸፊያ ሽንትር ሽንትር ሆኖ እስከ ትከሻ ይወርዳል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች የፈርዖን ራስ ላይ የምናየው ዓይነት ነው። የቆመባቸው አራት እግሮች ክንፍ ያላቸው፣ ፊታቸው የሴት፣ ሰውነታቸው የአንበሳ ነው። በሆዱ ዙሪያ አበባ ተደርድሯል፤ በአበቦቹ መካከል ደግሞ ወፍ፣ ዓይንና እባብ የሚመስሉ ትንንሽ ጽሑፎች አሉ። ውስጡ ወርቅማ ነው። ከሥሩ አንበሳ፣ መልሕቅ፣ በአሮጌ አጻጻፍ የተጻፈ «ጂ» ፊደል፣ ከነሱ በታች «ስተርሊንግ» የሚል ቃል፣ ቁጥር፣ እና ለብቻዋ የቆመች «ሲ» ፊደል ታትመዋል።

ሁለት ነገር አድርጌያለሁ፤ ሁለቱም ዕረፍት ነሥተውኛል። የመጀመሪያው፣ አበቦቹ መካከል ያለው ሁሉ ጥቁር ስለነበር ቆሻሻ መስሎኝ ክዳኑን በሎሚና በአመድ ማሸት ጀመርሁ። እናቴ የአንገት መስቀሏን ለፋሲካ የምታጸዳው እንዲያ ነበር። የክዳኑ ግማሽ ነጭ ሆነ፤ ነገር ግን ነጭ ሲሆን አበቦቹ የጠፉ መሰለኝና ደንግጬ ተውሁት።

ሁለተኛው፣ ወርቅና ብር ወደሚገዛ ሱቅ ወሰድሁት። ሰውየው ሚዛን ላይ አስቀመጠው፤ 540 ግራም ሆነ። ሥሩን ገልብጦ እንኳን አላየም። «ዛሬ እንዲህ ያለ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የለም፤ የሚያዋጣሽ መቅለጡ ነው» አለኝና ዋጋ ነገረኝ። ገንዘቡ እውነቱን ለመናገር ያስፈልገኛል፤ ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች። ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ ይዤው ተመለስሁ።

ይህ ዕቃ ምንድን ነው? የግብፅ ነው? ጽሑፉ የሚነበብ ነገር አለው? ክዳኑንስ አበላሽቼዋለሁ?

---

የአንጥረኛው ልጅ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሎሚውንና አመዱን ያቁሙ። ክዳኑን አሁን ባለበት ይተዉት፤ ሌላውን ግማሽ «ለማስተካከል» ብለው እንዳይነኩት እለምንዎታለሁ።

እኔ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ፣ በጌጣጌጥ ሠሪዎች ሰፈር የቆየ የብር ዕቃ እጠግናለሁ። አባቴ ፒያሳ የብር አንጥረኛ ነበር። በልጅነቴ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርሁ፤ ስለዚህ ስለ ብር ስናገር ትንሽ ከረዘመብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ያ ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። በዚያ ዘመን አንጥረኞች ዕቃውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ጎድጓዳውን ቦታ በድኝ ውሕድ ሆን ብለው ያጠቁሩት ነበር፤ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ወልውለው ያበሩታል። ከዚያ ላይ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት የቤት አየር ተጨመረበት። አበባው አበባ ሆኖ የሚታየው ከኋላው ጥላ ስላለው ነው። እርስዎ ያጠፉት ጥላውን ነው፤ አበባው ራሱ አለ። አመድ ግን ጭረት ይተዋል፤ ስለዚህ በቀን ብርሃን፣ በአጉሊ መነጽር ይዩት። ጭረቱ ቀጭን ከሆነ ምንም አይደለም፤ ጥላው ከዓመታት ጋር በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

አሁን ወደ ማህተሙ። አንበሳ፣ መልሕቅና «ጂ» የጎርሃም ኩባንያ ምልክት ነው፤ ፋብሪካው በአሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ነበር። መነሻው በ1831 በጄቤዝ ጎርሃም የተከፈተ ሥራ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው አንበሳውን ሲያይ የእንግሊዝ ይመስለዋል። እኔም ምልክቱን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ተሳስቼ ነበር፤ ምክንያቱም መልሕቅ (የመርከብ ማቆሚያ ብረት) ከ1773 ጀምሮ የበርሚንግሃም የብር መመርመሪያ ቤት ማህተም ነው፣ በየቀኑ እጄ ላይ ያለ ምልክት ነው። የጎርሃም መልሕቅ ግን የሮድ አይላንድ ግዛት አርማ ነው። ልዩነቱ ከመልክ ያለፈ ነው። እዚህ አገር ማህተሙን የሚመታው ከሠሪው የተለየ መመርመሪያ ቤት ነው፤ ብሩ ካልጠራ አይመታለትም። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስላልነበረ ማህተሙ የሠሪው ቃል ብቻ ነው። ጎርሃም ቃሉን አክብሯል፤ በ1868 የስተርሊንግን ልክ ተቀበለ፣ ይኸውም ከሺህ 925 ንጹሕ ብር ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሥራ ዘመን የሚያሳዩ ፊደሎችን ማተም ጀመረ፤ «ኤ» 1868 ናት፣ «ቢ» 1869፣ የእርስዎ «ሲ» 1870። ስለዚህ ዕቃው የግብፅ አይደለም። አሜሪካዊ ነው፤ ዕድሜውም በእርግጠኝነት ይታወቃል።

ታዲያ የፈርዖን ራስ ፕሮቪደንስ ምን ወሰደው ቢሉኝ፣ ከብዙ ዙር በኋላ ነው የደረሰው። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወርር ከወታደሩ ጋር ከመቶ ሃምሳ በላይ ሊቃውንትና ሠዓሊዎች ይዞ ሄደ። ጦሩ ተሸንፎ ወጣ፤ ሥዕሎቹ ግን አውሮፓ ገቡ። ቪቫን ደኖን የሣላቸው የቤተ መቅደስ ሥዕሎች በ1802 ታትመው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩም ሰዓቱም ሾርባ ማቅረቢያውም የስፊንክስ (የሰው ራስና የአንበሳ ሰውነት ያለው ምስል) እግር አበቀለ። ለንደን ውስጥ ፖል ስቶር በ1802 እና 1803 ገደማ በግብፅ ስልት የሠራቸው የሾርባ ማቅረቢያዎች ዛሬም በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ አሉ። ፈረንሳዮች ደግሞ በሴቭር የሸክላ ሥራ ከነሐውልቱ ከነቤተ መቅደሱ አንድ ሙሉ ገበታ ሠሩ፤ አንደኛው ለሩሲያው ንጉሥ ለቀዳማዊ አሌክሳንደር ተሰጠ። ሁለተኛውን የናፖሊዮን ሚስት የነበረችው ጆሴፊን ከፍቺዋ በኋላ አልቀበልም አለች፣ በመጨረሻ በ1818 ናፖሊዮንን ላሸነፈው ለዌሊንግተን ተሰጠ። ለንደን አፕስሊ ሃውስ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከመካከሉ ያለው የቤተ መቅደስ ቅርጽ ብቻ ረጅም ጠረጴዛ ይሞላል።

የእርስዎ ዕቃ ግን የሁለተኛው ማዕበል ልጅ ነው። የስዊዝ ቦይ በኅዳር 1869 ተከፈተ፤ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ስለ ግብፅ ይጽፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተሠራ ዕቃ ይህን ቢለብስ አይገርምም። ጎርሃም በእነዚያ ዓመታት «አይሲስ» ብሎ በጥንታዊት የግብፅ አምላክ ስም የሰየመው የማንኪያና የሹካ ስልትም ነበረው። የንድፍ ኃላፊው ጆርጅ ዊልኪንሰን ደግሞ ከበርሚንግሃም የሄደ ሰው ነበር። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ ከኔ ጠረጴዛ ጥቂት መንገድ ርቆ የተማረ እጅ የእርስዎን ስኳር ዕቃ በነደፈው ክፍል ላይ አዛዥ ነበር።

ጽሑፉን በተመለከተ፦ ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት በ1822 ስለፈታ በ1870 ማንበብ የሚችሉ ሊቃውንት ነበሩ። የብር ሠሪዎቹ ግን ወፉንና ዓይኑን የሚመርጡት ለመልኩ እንጂ ለንባቡ አልነበረም፤ እጄ ላይ ካለፉት በዚህ ስልት ከተሠሩ ዕቃዎች አንዱም ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር አልያዘም። ክንፍና የሴት ፊት ያላቸው እግሮችዎም እንዲሁ ናቸው። ክንፍና የሴት ፊት የግሪክ ስፊንክስ ነው፤ የግብፁ አብዛኛውን ጊዜ ንጉሥ ነው፣ ክንፍም የለውም። ሠሪው ሁለቱን አገር በአንድ ዕቃ ላይ አጋብቷቸዋል። አንዳንድ ሊቅ ይህን እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል፤ እኔ አልቆጥረውም። ገበታ ላይ ሲቀመጥ ከሁሉም አቅጣጫ ደስ የሚል ነገር መሥራት ፈልጎ ሠርቷል።

አሁን ለመቅለጡ ነገር። 540 ግራም በ925 ልክ ሲሰላ ንጹሕ ብሩ ግማሽ ኪሎ ነው። ሱቁ የነገረዎት ዋጋ የዚያ ግማሽ ኪሎ ዋጋ ነው፤ ምናልባት ከዚያም ያነሰ። የጆሮዎቹን ራሶች በቅርብ ይዩ። እነሱ ለብቻቸው በቅርጽ ፈስሰው፣ ከዚያ በመቅረጫ ተስለው፣ በመጨረሻ ነው ከሆዱ ጋር የተበየዱት። በመጎናጸፊያው ላይ ያሉትን ሽንትሮች ይቁጠሯቸው፤ እያንዳንዱን አንድ ሰው በእጁ ነው ያወጣው። ለዚህ ሁሉ ሚዛኑ ላይ ቦታ የለም።

እኔ ብር ማቅለጥን ሁሉ አልቃወምም፤ አባቴም ብር ያቀልጥ ነበር። ጠገራ ብር ያቀልጥ ነበር፤ የማሪያ ቴሬዛ፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ ከሺህ 833 ንጹሕ ብር ያለው። ግን ጠገራ ብር አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ከሱ መስቀል ይወጣል። አንድ ቀን አንዲት ሴት አሮጌ የጎንደር መስቀል ይዛ መጣችና «ቀልጦ ለልጄ አምባር ይሁንልኝ» አለችው። አባቴ መስቀሉን አገላብጦ አየውና የራሱን ጠገራ ብር አቅልጦ አምባሩን ሠራላት። መስቀሉን መለሰላት። ያን ቀን ለምን እንዳደረገው አልገባኝም ነበር። በጥር 1980 የብር ዋጋ በአንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር በወጣ ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ ስንት የሻይ ዕቃ፣ ስንት መቅረዝ ወደ ምድጃ እንደገባ የሥራ ባልደረቦቼ ሲያወሩ ስሰማ ነው የገባኝ። በዚያ ክረምት የቀለጠው አይመለስም።

መሸጥ ከፈለጉ ይሽጡት፤ ነውር የለውም፣ የልጅ ትምህርት ትልቅ ነገር ነው። ግን የቆየ ብር ለሚያውቅ የጨረታ ቤት እንጂ ለሚዛን አይስጡት። ከመሸጥዎ በፊት ሥሩ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥተው ይያዙ። የጎርሃም የሥራ መዛግብት ዛሬ ፕሮቪደንስ በብራውን ዩኒቨርሲቲ በጆን ሄይ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በዚያው ከተማ ያለው የሮድ አይላንድ የንድፍ ትምህርት ቤት ሙዚየምም ትልቅ የጎርሃም ስብስብ አለው። ቁጥሩ መንገድ ይመራዎታል።

ካስቀመጡት ደግሞ፦ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት፣ ወዲያው በጥጥ ጨርቅ ያድርቁት። የአሉሚኒየም ወረቀትና ሶዳ ተጠቀሚ የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት፤ ጥላውን በአንድ ጊዜ ይገፈዋል። ውስጡ ወርቅ ቅብ ነው፣ ቅቡም ስስ ነው፤ አይሹት። በጋዜጣ አይጠቅልሉት፣ በጎማ ማሰሪያ አይሰሩት፣ ከሱፍ ጨርቅም ያርቁት፤ ሁሉም ድኝ አላቸው።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ ስለ ብር አላውቅም። አርባ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ «1870» የሚለውን ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

የስኳር ዕቃሽ በተሠራበት በዚያው ጊዜ የግብፅ ገዥ የነበረው ከዲቭ እስማኤል ለግብፅ ጦር የአሜሪካ መኮንኖችን ይቀጥር ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አብቅቶ ሥራ ያጡ ብዙ መኮንኖች ነበሩ፤ ከሰሜኑም ከደቡቡም የተዋጉ፣ ትናንት ሲታኮሱ የነበሩ ሰዎች ካይሮ ላይ አንድ ልብስ ለበሱ። በጠቅላላው ወደ ሃምሳ ይጠጋሉ። ቻርልስ ስቶን የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ሆነ። አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣው ዊልያም ሎሪንግም ሄደ።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከጥጥ ነው። በአሜሪካ ጦርነት ጊዜ የደቡቡ ጥጥ ወደ አውሮፓ መሄዱ ሲቋረጥ የግብፅ ጥጥ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ እስማኤል በዚያ ተስፋ ቦይ አስቆፈረ፣ ኦፔራ ቤት ሠራ፣ ተበደረ። ጦርነቱ ሲያልቅ ዋጋው ወደቀ፣ ዕዳው ቀረ። በኅዳር 1875 የቦዩን ድርሻውን ለእንግሊዝ በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። በዚያው ወር ጦሩ ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ፤ ሎሪንግም እዚያ ነበረ።

አስቢው እንግዲህ። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በፈርዖን ራስ ከተጌጠ ዕቃ ስኳር እየወሰደ ሻይ ይጠጣል፤ የሱው አገር ሰው በከዲቩ ሰንደቅ ሥር በእኛ ተራሮች ግርጌ ምሽግ ይቆፍራል። ተማሪዎቼን ጉራዕን ሳስተምር የምይዘው ካርታ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጄ ኖሮ ቢሆን ክፍል ውስጥ ይዤው እገባ ነበር፤ ያ ዘመን ግብፅን እንዴት ያይ እንደነበር ከካርታ ይልቅ እሱ ይናገራል።

እኔን ከጠየቅሽኝ አትሽጪው። ግን የልጅሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ።

---

የዓባይ ማዶ

ካይሮ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ኻን ኤል ኸሊሊ ገበያ ውስጥ የፈርዖን ራስ ያለበት አዲስ የብር ዕቃ ሞልቷል፤ አንዳንዱን አሮጌ እንዲመስል አጥቁረው ይሸጡታል። የግብፅ ብር ማህተም የድመትና የሎተስ አበባ ምስል አለው፤ ልኩም በዐረብኛ አኃዝ ይጻፋል። ስለዚህ ሌላ እንዲህ ያለ ዕቃ የምትፈልጉ ካላችሁ መልኩን ሳይሆን ሥሩን እዩ። እኔ ለእኅቴ ሠርግ የገዛሁት ትሪ አዲስ መሆኑን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አሁንም እወደዋለሁ፤ ግን አዲስ መሆኑን ዐውቄ ብገዛው ይሻለኝ ነበር።

---

የሰኔ ዝናብ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ የጻፉትን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ጉራዕን በስም ታውቅ ነበር፤ አሜሪካኖች እንደነበሩበት ግን አታውቅም ነበር። እዚህ አገር ተወልዳ እዚህ ስለተማረች፣ ሁለቱ አገሮቿ በአንድ ቦታ ጠላት ሆነው መገናኘታቸው በጣም ከነከናት። ማታውን ሙሉ ስለዚያ ስትጠይቀኝ አመሸች።

ወንድሜ የአንጥረኛው ልጅ፣ ክዳኑን በመስኮት ብርሃን አየሁት። ጭረቱ አለ፣ ግን ቀጭን ነው። የመጎናጸፊያውንም ሽንትር ቆጠርሁ፤ በቀኙ ራስ ላይ አሥራ ዘጠኝ፣ በግራው ላይ አሥራ ስምንት። የቀረችው አንዷ ተበልታ ይሁን ከመጀመሪያው ያልተሠራች አላውቅም። አንድ ነገር ግን ተገለጠልኝ። የግራው ራስ ፊት ከቀኙ ይልቅ የለሰለሰ ነው፤ አፍንጫው ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። አሮጊቷ ሲዳስሱት ሁልጊዜ በግራ እጃቸው ነበር፤ ቀኙ ከሕመሙ በኋላ አይታዘዝላቸውም ነበር። ለልጃቸው ደውዬ ነገርኋት። እናታቸውም፣ የእናታቸው እናትም በዚያው ጆሮ ይዘው ያሳልፉት እንደነበር ነገረችኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። በትልልቅ በዓላት ስኳር ብጨምርበት ይጎዳዋል?

---

የአንጥረኛው ልጅ

ስኳር አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ጨው ነው። እርጥበት እንዳይዝ ግን በዓሉ ሲያልፍ ስኳሩን አውጥተው፣ አጥበውና አድርቀው ያስቀምጡት። ውስጡን ማንኪያ እንዳይጭርብዎ የሚገባ ትንሽ የመስታወት ጽዋ ቢፈልጉለት የበለጠ ጥሩ ነው።

የግራውን ራስ ማንም «እንዲያድስልዎ» አይስጡት። እኔም ብሆን።